የብራስልስ ማዘጋጃ ቤትና የመሐንዲስ ፊርማ



ስለ ጎበኘሁት አንድ የሕዝብ ሕንፃ እንድናገር ስጋበዝ ያለማመንታት የመረጥሁት በጎቲክ ስልት የታነጸውን የብራስልስ ማዘጋጃ ቤት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በታላቁ አደባባይ ቆሞ ሕንፃውን የሚመለከት ሰው ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው 96 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ላይ ነው። ከጫፉም ሰይጣንን የረገጠው የቅዱስ ሚካኤል ሐውልት በወርቅ ቅብ ያበራል። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ያስገርመዋል፤ ይኸውም ግንቡ ከሕንፃው መካከል አለመዋሉና የግራና የቀኝ ክንፎች ርዝመት አለመተካከሉ ነው። የአገሩ ተረት፣ አርክቴክቱ ይህን ጉድለት በተረዳ ጊዜ ከግንቡ ጫፍ ራሱን ወርውሮ ሞተ ይላል።

እውነቱ ሌላ ነው። የግራው ክንፍ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተሠራ። በ1444 የቀኙ ክንፍ ሲጀመር በጎኑ የሚያልፈው መንገድ ስለ ገደበው አጭር ሆነ። ከ1449 እስከ 1455 ደግሞ ያን ፋን ራይስብሩክ ዛሬ የምናየውን ግንብ አቆመ። ግንቡ ከታች አራት ማዕዘን ሆኖ ተነሥቶ ከላይ ወደ ስምንት ማዕዘን ይለወጣል፤ ድንጋዩም ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየተፈለፈለ ስለሚሄድ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ነፋስም ያልፍበታል። ፌሮና ሲሚንቶ ባልነበረበት ዘመን ይህን ያህል ማሰብ የሚያስደንቅ ነው። እንግዲህ አለመመጣጠኑ እያንዳንዱ ትውልድ ቀድሞ የቆመውን አክብሮ የሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው።

በ1695 የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ጦር ከተማይቱን በመድፍ ሲደበድብ የሕንፃው ውስጥ ተቃጠለ፤ መዛግብቱና የከበሩ ሥዕሎቹም ጠፉ። ግንቡና ግድግዳው ግን ቆመው ቀሩ። የከተማይቱ ሰዎችም የተረፈውን ግድግዳ ሳያፈርሱ ውስጡን መልሰው ሠሩ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ከጀርባው አዲስ ክንፎች ጨመሩለት። አደባባዩ በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ባልደረቦቼ ሆይ! በየከተማችን ያለ አሮጌ ሕንፃ ይፍረስ ወይስ ይቆይ ተብሎ የሚጠየቀው የእኛ ሙያ ነው። አዲስ ነድፎ መሥራት አሮጌውን መርምሮ ከመጠገን ብዙ ጊዜ ይቀላል። ሆኖም የግድግዳውን ጥንካሬና የመሠረቱን ይዞታ ሳይለኩ «ይፍረስ» ብሎ መፈረም ሙያ ሊባል አይችልም። የፈረሰውን ፊርማችን አይመልሰውምና፣ ከመፈረማችን በፊት እንለካ።