ስለ ኮባልት ሞለኪዩል ማግኔትና ስለሚያርፍበት ገጽ

(በሰንጋ ተራ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ከአራት ኪሎ ተነሥተን ወደ ሰንጋ ተራ ስንመጣ «የኬሚስትሪ ተማሪ ለሒሳብ ተማሪ ምን ሊነግረው ነው?» ያሉን አልጠፉም። የምንነግራችሁ ስለ መዝገብ ነው። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ቢሆንም፥ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን የመዝገብ አያያዝ ያስተማረበት፥ ባንኮችም ፎቃቸውን የሠሩበት ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሳይጠፋ መቆየቱ ምን ዋጋ እንዳለው ለናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል።

በኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ሒሳብ የሚጻፈው በቀለም ሳይሆን በማግኔት ነው። ዲስኩ ከኮባልት ቅይጥ የተሠራ እጅግ ስስ ሽፋን አለው። በሽፋኑ ላይ ያለች እያንዳንዷ ጥቃቅን ቦታ ማግኔቷን ወዲህ ወይም ወዲያ በማዞር አንድ ምልክት ትይዛለች። ቦታዋን እያሳነሱ ቢሄዱ ግን ሙቀት ያናውጣትና ምልክቷን ትረሳለች።

እንግዲያስ አንድ ሞለኪዩል ብቻውን ምልክት ሊይዝ ይችላልን? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. መቻሉ ታወቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) 12 የማንጋኒዝ አቶሞች ያሉበት ሞለኪዩል ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ማግኔትነቱን ለወራት ሊይዝ እንደሚችል ሮቤርታ ሴሶሊ፥ ዳንቴ ጋቴስኪና ባልደረቦቻቸው አሳዩ።

ወደ ኮባልት እንምጣ። ሮዝ መልክ ባለው የኮባልት ክሎራይድ ውሀ ላይ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመርበት ሰማያዊ ይሆናል። ኮባልቱ ያው ኮባልት ነው፤ የተለወጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። ስድስት የነበሩት አራት ሆኑ። ማግኔትነቱም እንደ ቀለሙ በጎረቤቶቹ ቁጥርና አቀማመጥ ይገዛል። በ2011 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዛድሮዝኒና ሎንግ አንድ ኮባልት በአራት የድኝ አቶሞች መካከል ተቀምጦ፥ ያለ ምንም የውጭ ማግኔት ርዳታ፥ ለመገልበጥ ሲዘገይ አገኙት። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ኮባልትን በሁለት ካርቦኖች መካከል ቀጥ ባለ መሥመር ያስቀመጠ ውሁድ ተሠራ፤ በዚህም የኤሌክትሮኖቹ ዙረት ሳይታፈን ስለ ቀረ የማግኔቱ አቅጣጫ እጅግ ጠነከረ።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን ሞለኪዩሎቹ በብናኝ ወይም በክሪስታል ተከማችተው ሳሉ ነው። መዝገብ እንዲሆኑ ከተፈለገ እያንዳንዳቸው በሚታወቅ ቦታ፥ በአንድ ገጽ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ዋናው ጭንቅ እዚህ ላይ ነው።

ለማስቀመጥ ከተለመዱት መንገዶች አንዱ፥ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ አሙቆ በማትነን እንደ ጤዛ ማሳረፍ ነው። ያ የ2011 ዓ.ም. ኮባልት ግን እንደ ጨው ቻርጅ ያለውና ከተቃራኒው ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ ቢያሞቁት ሳይተን ይፈርሳል ተብሎ ይፈራል። ሁለተኛው፥ ሞለኪዩሉን በፈሳሽ አሟሙቶ ወርቅ መንከር ነው፤ ድኝ ወርቅን አጥብቆ ስለሚይዝ በሞለኪዩሉ ላይ የድኝ እግር ይተከልለታል።

ካረፈ በኋላስ? በ2005 ዓ.ም. ቻይናውያን ተመራማሪዎች ጠፍጣፋውን ኮባልት ፋታሎሲያኒን በወርቅ ላይ ቢያሳርፉት የኮባልቱ ማግኔትነት ጨርሶ ጠፋ። ከዚያም በረቂቅ መርፌ ከሞለኪዩሉ ዳር ስምንት ሃይድሮጅኖችን ነቀሉ፤ ዳሮቹ ወደ ወርቁ ሲታጠፉ መካከሉ ከፍ አለ፥ የማግኔቱም ምልክት ተመለሰ። (ይህ ሞለኪዩል ከላይ እንዳልናቸው ምልክት የሚይዝ አይደለም፤ የወርቁን ጠባይ ስለሚያጋልጥ ነው ያነሣነው።) ወርቁ ዝም ብሎ የሚሸከም ጠረጴዛ ሳይሆን ራሱ አንድ ጎረቤት ነው ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. አራት የብረት አቶሞች ያሉት ሞለኪዩል በድኝ እግሩ ከወርቅ ላይ ተተክሎ ትዝታውን ሳያጣ የቀረው ረጅሙ እግር ከወርቁ ስላራቀው ይመስለናል።

መራቅ ብቻም አይበቃም። በ2014 ዓ.ም. አንድ የኮባልት አቶም በስስ የማግኒዚየም ኦክሳይድ ንጣፍ ላይ ተቀምጦ፥ ከርሱ ወገን የሆነ አቶም ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ የአቅጣጫ ጥንካሬ አሳየ። ሆኖም ምልክቱን የያዘው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ላነሰ ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሙቀት ክብረ ወሰን ነው። በርግጥ በ2018 ዓ.ም. የዲስፕሮዚየም ሞለኪዩል ከዜሮ በታች 193 ዲግሪ ላይ መሥራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከውዱ ፈሳሽ ሂሊየም ወደ ርካሹ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያሸጋግራልና። በኛ አስተያየት ግን ማረፊያው ካልተገኘ ክብረ ወሰኑ በጠርሙስ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለምትፈልጉ የኬሚስትሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ቻርጅ የሌለው፥ ሳይፈርስ የሚተን፥ አራት ጎረቤት ያለው የኮባልት ውሁድ ሠርታችሁ፥ ሲሞቅ በስንት ዲግሪ እንደሚፈርስ መዝኑ። ለዚህ ሚዛንና ምድጃ ይበቃል፤ ሂሊየም የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።