ለጣራው መከታ፣ ለሕያዋን ድጋፍ
(ለአባላትና ለደጋፊዎች ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን የቤተ ክርስቲያናችንን ያለፈ ታሪክ ማክበርና የወደፊቷን በእምነት ማየት ነው። ከመስከረም ወዲህ ግን እኛ የአረርቲ ሴቶች ይህን ነገር ያለ ሐዘን ማንሣት አልሆነልንም።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ረቡዕ ማለዳ፣ ምእመናን የእመቤታችንን በዓል ለማክበር በአረርቲ ማርያም ተሰብስበው ሳለ፣ በመሠራት ላይ ባለው ሕንፃ ውስጥ ለግንባታ የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደረመሰ። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እጅግ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ጉዳታቸው የከፋው አዲስ አበባ ድረስ ተወሰዱ። ቀኑ የግሸን ማርያም በዓል ነው፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ግሸን መግባቱ የሚታሰብበት። ግሸን ለመሄድ አቅም ያጣ ሁሉ በየአጥቢያው ያከብረዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት የወጡ በከፈን ተመለሱ።

ያለፈውን እናክብር ስንል ማንን ነው የምናከብረው? የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲነገር ያሠራው ሹም፣ የባረከው ጳጳስ ይጠራል። ይገባቸዋል። ነገር ግን በአገራችን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሰው እጅ ተሠርቶ አያውቅም። ወንዱ እንጨት ሲቆርጥና ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ሴቷ ለጭቃው ውኃ በእንስራ ትቀዳለች፤ ለሠራተኛው ጠላ ትጠምቃለች፤ እንጀራ ትጋግራለች። የምንጃር ገበሬ ከጤፉና ከሽምብራው ከፍሎ ይሰጣል። ልጅ ያገኘችው፣ ከሕመም የዳነችው ስለቷን ይዛ ትመጣለች። ያለፈው ማለት ይህ ነው፤ ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ ሰዎች ድካም። በመስከረም ያጣናቸውም ከእነዚሁ ተቆጥረዋል።

ከአደጋው በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን «የሞቱት የሚከበሩት ሕንፃው ሲፈጸም ነው፤ ያለችንን ለግንባታው እንስጥ» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «እናቱን ያጣ ልጅ ደብተር ሳይኖረው እኛ ለጉልላት አናዋጣም» አልን። ሁለቱም ወገን ከፍቅር ነው የተናገረው። ሙስሊም እህቶቻችንም በለቅሶው ድንኳን አብረውን ተቀምጠው፣ ቡና አፍልተው፣ ሐዘኑን የራሳቸው አድርገውት ስለ ነበር በክርክሩ ድምፃቸውን ሰጡ።

መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያበጅለት ታዝዛለች፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። እንግዲህ ጥንቃቄ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ራሱ ትእዛዝ ነው። «እግዚአብሔር ይጠብቃል» ብሎ በላላ እንጨት ላይ መቆም እምነት ሊባል አይችልም። ያው ኦሪት ደግሞ ስለ ሙት ልጅና ስለ መበለት ደጋግማ ታስጠነቅቃለች። ቤቱንና ሰዉን አንለያይም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ወስነናል።

አንደኛ፣ ከወርኃዊ ቁጠባችን ተለይቶ የሚቀመጥ ገንዘብ ይኖረናል። በቅድሚያ የሚውለው ወላጅ ላጡ ልጆች ትምህርትና የቤታቸውን ራስ ላጡ እናቶች ነው። አጥንቱ ተሰብሮ እርሻ የማይችለውም በግ አድልቦም ሆነ ቁጭ ብሎ በሚሠራ ሥራ ራሱን እንዲችል እናግዛለን። ምጽዋት ብቻ ሰጥተን ደጅ ጠኚ ልናደርገው አንሻም።

ሁለተኛ፣ ለሕንፃው ማዋጣታችንን አናቋርጥም። ከገንዘባችን ጋር ግን ጥያቄያችንንም ይዘን እንሄዳለን፤ ርብራብ ሲቆም መሐንዲስ ይየው፣ በበዓል ቀን የግንባታው ቦታ ይታጠር፣ ወደ ላይ የሚወጣ አይኑር። በየበዓሉም ሕፃናትንና አረጋውያንን ከአደገኛ ቦታ የሚመልሱ እህቶች ከመካከላችን ይቆማሉ።

ሦስተኛ፣ የእናቶቻችንን ትዝታ ከአፋቸው ሰምተን እንጽፋለን። የቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደ ነበረች፣ ማን ምን እንደ ተሸከመ የሚያውቁ አረጋውያን ገና በሕይወት አሉ። እነርሱ ካለፉ ወዲያ የምንጠይቀው አናገኝም።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ «ገንዘባችን ለሕንፃ ነው ወይስ ለሰው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ለሰው ነው። ሕንፃውም ለሰው ነው የሚሠራው። ነገ በዚያ ጣራ ሥር ክርስትና የሚነሡት ልጆች ዛሬ ዳቦና ደብተር የሚያስፈልጋቸው ልጆች ልጆች ናቸው። የተቀበልነውን ሳንቲም ሁሉ በየጉባኤው በፊታችሁ እንቆጥራለን።

ለሞቱት ነፍስ ይማር፤ የቆሰሉትን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥ። የተጀመረውንም በሰላም ለመፈጸም ያብቃን።