ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ



ከእናንተ መካከል በሥራ ዝውውር ወደ ከሚሴ የወረደ ቢኖር፣ በገበያውም በጽሕፈት ቤቱም ኦሮምኛ የሚሰማ መሆኑን ገና በመጀመሪያው ቀን ይረዳል። ዛሬ በዚያ ዞን ልጆች በላቲን ፊደል የሚማሩት ይህ ቋንቋ፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት በእኛው በግዕዝ ፊደል ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞበታል። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለ ሆነ ያንን መጽሐፍ የሃይማኖቱ አላደረገውም፤ የቋንቋው ታሪክ ግን የእርሱም ታሪክ ነው።

ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ) በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበር። በልጅነቱ የባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ሸጡት፤ ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ በምጽዋ ነጻ አወጣው። በምንኩሉ በስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ተምሮ በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት የማለደለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። ከዚያ በኋላ ስዊድን ተሻግሮ ተማረ።

ምኞቱ ለወገኖቹ በገዛ ቋንቋቸው መናገር ነበር። ሊተረጕም ብዕር ሲያነሣ ግን ቃል አጠረው፤ ባርነት ከነጻነቱ ጋር የእናቱንም ቋንቋ አሳንሶበት ነበርና።

ይህን ጕድለት የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም በሊሙ ኢናርያ ባሪያ ሆና፣ ወደ ዓረብ አገር ስትጋዝ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች አስጥለዋት ወደ ምንኩሉ ትምህርት ቤት የገባች ናት። መዝገበ ቃላት አሰናዳች፤ አምስት መቶ ያህል እንቈቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን በጽሑፍ አኖረች፤ ብዙዎቹም በ1894 ለጀማሪዎች በታተመው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በርእሱ ገጽ ላይ ተርጓሚ ተብሎ የተጠቀሰው ኦነሲሞስ ነው፤ የአስቴር ስም የለም። ረቂቁን አንዱ አዘጋጅቶ ሌላው ሲፈርምበት ማየት ለእናንተ ለጽሕፈት ቤት ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በዘመኑም የተለመደ ነበር። ሆኖም ራሱ የተሸጠ ሰው፣ እንደ እርሱ የተሸጠችው ሴት ድካም በእርሱ ስም ብቻ ሲቈጠር መኖሩ፣ ሥራው በተመሰገነ ቍጥር አብሮ ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል።

በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ገቡ። በነቀምቴ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው፤ አስቴርም አስተማሪ ሆነች። ኦነሲሞስ በኦሮምኛ ሲሰብክ ቋንቋውን የማያውቁት ካህናት እመቤታችንን ይነቅፋል ብለው ከሰሱት። በ1906 ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ እንዲጋዝ ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው፣ ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ነገር ግን አይስበክ አሉ።

ማርቲን ሉተር በ1521 በዎርምስ ጉባኤ ፊት ከቃሉ አልመለስም ማለቱን ሰምታችኋል። ኦነሲሞስ ትእዛዙን ተቀብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ፤ አሥር ዓመት ያህልም ልጆች አስተማረ። ይህን ፍርሃት የሚለው ይኖራል። እኔ ግን፣ ማንበብ የሚችል ሰው ለሌለው መጽሐፍ አንባቢ ማፍራት ከክርክር የሚያንስ ሥራ ነው አልልም።

በ1916 ስብከቱን የፈቀዱለት ልጅ ኢያሱ ናቸው፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ። እርሳቸው በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ ኦነሲሞስም በ1931 እስኪሞት ድረስ ሰበከበት።