የበረዶ ሞተር ጀርባ ለምን ይጎብጣል?

ሰላም፦ እ.ኤ.አ. በ1959 የቦምባርዲዬ ኩባንያ ኬቤክ ውስጥ ቫልኩር ላይ ስኪ ዱ የተባለውን የበረዶ ሞተር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ የበረዶ ሞተር (ስኖውሞቢል) በአላስካና በሰሜን ካናዳ መንደሮች ማገዶና ነዳጅ የሚመላለስበት የክረምት መጓጓዣ ሆኗል። የጎማ ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸፍነው ቱነል ግን የታጠፈ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። ከኋላ ጄሪካን ሲደረደርበት፣ ወይም ከጉብታ ዘሎ በጭራው ሲያርፍ፣ የኋላው ሳስፔንሽን (ንዝረት መዋጫው) ከታሰረበት አካባቢ ይጎብጣል። እዚያ ላይ ወፍራም ብረት ለጥፎ መገላገል ለእኔ ጥገና አይደለም። ብረት ከአሉሚኒየም በሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ እርጥበትና ጨው ባለበት ሁለቱ ሲነካኩ ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ዳዊት፦ አሉሚኒየሙን በአሉሚኒየም መበየድስ? በሪቬት ከማሰር ይጠነክራል የሚሉ አሉ። ደግሞስ አንዱን ቦታ ስናጠነክር ጫናው ወደ ቀጣዩ አይሸጋገርም?

ሰላም፦ እንደ 6061 ቲ6 ያለው አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ስለሆነ፣ ብየዳው ዙሪያውን መልሶ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ በቱነሉ ጎን ረዘም ያለ የኤል ቅርጽ ላሜራ በሪቬት ቢታሰር እመርጣለሁ፤ መጉበጥን የሚከላከለው ከውፍረቱ ይልቅ የመታጠፊያው ቁመት ነውና። የጫናው ነገር ትክክል ነው፣ ይሸጋገራል። ለዚህም ነው ማጠናከሪያው በድንገት ሳይቋረጥ ጫፉ እየጠበበ ማለቅ ያለበት፤ የግራውና የቀኙ ጫፍም ፊት ለፊት ባይገጥሙ ይመረጣል። ቀድሞ የጎበጠ ከሆነ መጀመሪያ ይቃና፤ ስንጥቅ ካለው ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ መስፋፋቱ ይገታ፤ ሪቬቱ ከዚያ በኋላ ነው።