ሁለቱ ዜሮዎች
በአዲስ የባሕር ዓሣ ገንዳ ውስጥ ስለሚደረግ የውኃ ምርመራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ጥቂት እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ግድብ ወይም ስለ ከተማ ውኃ አቅርቦት አይደለም፤ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የባሕር ዓሣ ለማኖር ውኃውን ስለ ማሰናዳትና ስለ መመርመር ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ገንዳ የሚካሄደው ሥራ በታላላቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ከሚካሄደው በመሠረቱ አይለይም። በሙያዬ ከሠራኋቸውም ስሕተቶች ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ በእንዲህ ያለ ገንዳ የሠራሁት ስለሆነ፣ ሳልሸሽግ ላቀርብላችሁ ወድጃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድርጅት በእንግዳ መቀበያ አዳራሹ 600 ሊትር የሚይዝ የባሕር ዓሣ ገንዳ ለማቆም ፈልጎ የውኃውን ነገር ለእኔ ሰጠኝ። የምረቃው ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። ባሕር በአቅራቢያችን ስለሌለ ከ21 ኪሎግራም የሚበልጥ የተቀመመ የባሕር ጨው ክሎሪኑ በተወገደለት ውኃ ውስጥ ተሟሟ። ጨዋማነቱ ከሺህ 35፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤቹም 8.2 ሆነ። በሳምንቱ አሞኒያን፣ ናይትራይትንና ናይትሬትን መረመርሁ፤ ሦስቱም ዜሮ ነበሩ። ውኃውም እንደ ምንጭ ጠርቶ ነበር። እኔም ለዓሣ ተስማሚ ነው ብዬ ፈረምሁ።

አሥራ ሁለት ዓሦች ገቡ፤ ምረቃውም አማረ። በአምስተኛው ቀን ግን ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ እየወጡ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሱ ጀመር። ስመረምረው አሞኒያው በሊትር ከ1 ሚሊግራም አልፏል። ውኃውን በከፊል ብለውጥም ስምንቱ ሞቱ። የሕንጻው ጥበቃ የነበሩ አንድ አዛውንት የሞቱትን ስናወጣ አይተው፣ «ልጄ፣ ውኃው እንዲህ ጠርቶ ሳለ ምን ገደላቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የዛሬው ንግግሬ በዚያ ቀን ለእኚያ አዛውንት ሳልሰጥ የቀረሁት መልስ ነው።

ዓሣ ከሚበላው ምግብ የሚያገኘውን ትርፍ ናይትሮጂን አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያወጣዋል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይኸንኑ ይሰጣል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ከሁለቱ ይበልጥ መርዛማ የሆነው ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለው ነው። ፒኤች 7 በሆነ ጨው አልባ ውኃ ይህ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በባሕር ውኃ ግን፣ ፒኤች 8.2 ሲሆን፣ ከመቶ 7 ያህል ይደርሳል። ስለዚህ በወንዝ ዓሣ ገንዳ ብዙ የማያሳስበው መጠን በባሕር ዓሣ ገንዳ ሊገድል ይችላል።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በአሸዋው፣ በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት ብዙ ካልተጠራቀመ በቀር ዓሣን እምብዛም አይጎዳም። እነዚህ ሕዋሳት ግን በጣም አዝጋሚ ናቸው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲራቡ፣ እነርሱ ቁጥራቸውን እጥፍ ለማድረግ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይወስድባቸዋል። አዲስ ገንዳ እስኪደላደል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ለሙያችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት አሸዋና የኖራ ድንጋይ በሞላበት ቱቦ ውስጥ የፍሳሽ ውኃ ቀስ በቀስ አሳለፉ። ለ20 ቀናት ያህል አሞኒያው እንደ ገባ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ። ክሎሮፎርም በጨመሩበት ጊዜ ሥራው ቆመ። ለውጡን የሚያካሂደው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ባክቴሪያዎቹን ለይቶ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ባክቴሪያ ያልሆነ፣ ከአርኬያ ወገን የሚመደብና አሞኒያን የሚለውጥ ሕዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ መራባቱ ታወጀ። የተገኘውም አሜሪካ ውስጥ በሲያትል ከተማ ከሚገኘው የሕዝብ አኳሪየም፣ ከአንድ የባሕር ዓሣ ገንዳ ጠጠር ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። በዚያ ሳምንት ያየሁት ዜሮ እውነተኛ ነበር፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። አሞኒያ ዜሮ የሚሆነው በሁለት ጊዜ ነው፤ አንድም ምንም ሳይገባ፣ አንድም የገባው ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ። ሁለቱ ዜሮዎች በመመርመሪያው ብልቃጥ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። የሚለያቸው በመካከላቸው ያለው የቀናት መዝገብ ብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ሦስተኛው ዜሮ ነው። የናይትሬቱ ዜሮ መሆን አንድም ሥራ አለመጀመሩን በግልጽ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደ መልካም ምልክት ቆጠርሁት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለሆነም ዛሬ የምከተለው አሠራር የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ዓሣ ሳይገባ አሞኒየም ክሎራይድ በልክ ጨምሬ አሞኒያውን በሊትር 2 ሚሊግራም አደርሳለሁ። ከቆየና ጤነኛ ከሆነ ገንዳ ጥቂት አሸዋ ወይም ድንጋይ ከተገኘ፣ እናቶቻችን ለሊጥ እርሾ እንደሚጥሉ ሁሉ፣ እጨምርበታለሁ፤ ጊዜውን ያሳጥራል። ከዚያም በየሁለት ቀኑ መርምሬ ውጤቱን በሠንጠረዥ እጽፋለሁ። አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ ናይትራይቱ ሲወርድ ናይትሬቱ ይጨምራል። ሦስቱ መስመሮች በተራ ሲወጡና ሲወርዱ ካላየሁ በአንድ ቀን ቁጥር አላምንም። በመጨረሻም እንደገና 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምሬ ከ24 ሰዓት በኋላ እመለከታለሁ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ፣ ያ ዜሮ ሁለተኛው ዜሮ ነው።

መመርመሪያውም ራሱ መመርመር አለበት። አብዛኞቹ የናይትሬት መመርመሪያዎች ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ለውጠው በቀለም የሚለኩ ስለሆኑ፣ ናይትራይት በበዛበት ሳምንት ናይትሬቱን አብዝተው ያሳያሉ። ናይትራይቱ ከቀለም ሠንጠረዡ ጣሪያ ሲያልፍ፣ ናሙናውን በተጣራ ውኃ አሥር እጥፍ አቅጥኖ ውጤቱን በአሥር ማባዛት ያስፈልጋል። አንዱ መመርመሪያ በናይትሮጂን ክብደት፣ ሌላው በናይትራይት ክብደት ስለሚያነብ፣ ይህን ያላስተዋለ ሰው በ3.3 እጥፍ ይሳሳታል።

ሁለት ሂሳቦችን ብቻ ልጨምር። አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጂን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.57 ሚሊግራም ኦክሲጅን ይፈጃል፤ ለ2 ሚሊግራም 9 ይሆናል ማለት ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር ሊይዝ የሚችለው 6.7 ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ በእኛ አገር አየር መንፊያው ለአንድ ሌሊት እንኳ ሊቆም አይገባም። ደግሞም ይኸው 2 ሚሊግራም በካልሲየም ካርቦኔት ሲተመን 14 ሚሊግራም ያህል አልካሊነት ይበላል። የባሕር ውኃ ያለው በሊትር 115 አካባቢ ስለሆነ፣ አሞኒያ ደጋግሞ የጨመረ ሰው አልካሊነቱን ካልለካ ፒኤቹ ወርዶ ሥራው ሊደክምበት ይችላል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ያ ድርጅት በኋላ ገንዳውን እንደገና እንዳሰናዳው ፈቀደልኝ። በዚህ ጊዜ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀኑን የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን መዝገቡ እንዲቆርጠው። ሠላሳ ስምንት ቀን ፈጀ። እኚያ አዛውንት በየጊዜው እየመጡ «ዛሬስ ደረሰ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሠንጠረዡን አሳያቸው ነበር። ቁጥሮቹ መውጣት ጀምረው ባየሁ ቀን ከመደንገጥ ይልቅ ደስ አለኝ፤ ሕይወት ሥራ መጀመሩን የሚናገሩት እነርሱ ነበሩና።

በየሥራ መስካችን የመፈተሻ ወረቀት እየቀረበልን እንፈርማለን። ከመፈረማችን በፊት በወረቀቱ ላይ ያለው ዜሮ የትኛው ዜሮ እንደሆነ እንጠይቅ። የፈተና ጭነት ያልተሸከመ ድልድይ ስንጥቅ አይታይበትም፤ ውኃ ያልገባበት ቱቦም አያፈስም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አልነበረም።