የጣና ዳርና የደንገሉ ቀበቶ

የውሃ ዳር ቀበቶ በማሳና በውሃ መካከል ሳይታረስና ሳይጋጥ የሚቀር፣ ሳር፣ ቁጥቋጦና ዛፍ የለበሰ መሬት ነው። ባለሙያዎች «ባፈር ዞን» ይሉታል። ከማሳ የታጠበው አፈር፣ ፍግና ማዳበሪያ ወንዙ ወይም ሐይቁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያዘው እዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሳሩ ነው። የሐምሌ ዶፍ ወርዶ በየትልሙ የተጠራቀመው ድፍርስ ውሃ ጥቅጥቅ ያለ ሳር ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ይሰበራል። አሸዋው እዚያው ሳሩ ጫፍ ላይ ይቀራል፤ ደለሉ ጥቂት ገባ ብሎ ይረጋል። ደቃቁ ሸክላ ግን ብዙ ይጓዛል፤ ፎስፈረስ አጥብቆ የሚይዘውም ይኸው ሸክላ ነው። ስለዚህ አሸዋን የሚያስቆም ጠባብ ሳር ፎስፈረስን ላያስቆም ይችላል። የተለያዩ አገሮች መመሪያዎች ከጥቂት ሜትሮች እስከ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ስፋት የሚጠይቁት በዚህና በመሬቱ ተዳፋትነት ምክንያት ነው። ናይትሬት ደግሞ በውሃ ሟሙቶ ከመሬት በታች ስለሚሄድ ሳሩ ብቻውን አይደርስበትም። እርሱን የሚያገኘው ጠለቅ ያለው የዛፍ ሥር ነው፤ ውሃ በጠገበና አየር በማይገባው የዳር አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይመልሱታል።

ጣና ይህን ቀበቶ ማንም ሳይተክልለት ነበረው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልና አብሮት የሚበቅለው ፊላ ዳር ዳሩን ይዘው፣ የሚገባውን ውሃ ያጣሩ ነበር። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ሐይቅ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ ደለል የሚፈራለትም ለዚህ ነው። ውሃው ሲሸሽ ግን «ባሕር ሸሽ» የሚባለው መሬት ይታረሳል፤ ደንገሉም ይታጨዳል፣ ይቃጠላል፣ ይጋጣል። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ ከታየ በኋላ አብዝቶ የተስፋፋው መገጭ፣ ርብና ጉማራ ደለላቸውን በሚያራግፉበት በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው። አረሙን በእጅና በማሽን መንቀል ተገቢ ሥራ ነው፤ የሚመግበው ንጥረ ነገር ከማሳው እየታጠበ መግባቱን ካላቆመ ግን ነቀላው በየዓመቱ ይደገማል።

ቀበቶው በፈረሰበት ቦታ መልሶ መትከል የዝርያ ምርጫ ይጠይቃል። በወንዝ ዳር አኻያ፣ ዶቅማና ሾላ ዳርቻውን በሥራቸው አስረው ይይዛሉ፤ ከማሳው በኩል ደሾ ወይም ቬቲቨር ሳር ይስማማል። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ቢያድግም ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሳር እንደልብ ስለማያበቅል ደለል የሚያስቆመው ክፍል ራቁቱን ይቀራል። ችግኙ ምንም ያህል ቢመረጥ፣ ከላይ የተከፈተ ቦረቦር ካለ ጎርፉ በአንድ ጠባብ መስመር ቀበቶውን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ እርከኑና የቦረቦሩ ክትር ይቀድማሉ።

ከሁሉ የሚከብደው መሬቱን መልቀቅ ነው። 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ አንድ ሄክታር ማሳ በአንድ ጎኑ ወንዝ የሚያዋስነው ገበሬ 10 ሜትር ቢተው የመሬቱን አንድ አሥረኛ ያጣል፤ ከሄክታር በታች ለያዘው ቤተሰብ ቀላል አይደለም። እስከ አፋፉ የሚያርሰውም ቢሆን ክረምት ላይ ወንዙ ከሥር ሲቦረቡረው የመጨረሻው ትልም ከነሰብሉ ተንዶ ሲሄድ ያያል። ቀበቶው የሚሰነብተው ለባለቤቱ ጥቅም ሲሰጥ ነው፦ ደሾው እየታጨደ ለከብት ይቀርባል፣ ዶቅማው ፍሬ ይሰጣል። አጨዳው ለውሃውም ይጠቅማል፤ ሳሩ የመጠጠው ፎስፈረስ፣ ሳሩ እዚያው ሲበሰብስ ወደ ወንዙ ከሚመለስ ይልቅ፣ ከታጨደው ሳር ጋር ተሸክፎ ይወጣል። ከብቶቹ ራሳቸው ገብተው ከጋጡ ግን አፈሩ በኮቴ ይጠቀጠቃል፣ ዳሩ ይናዳል፣ ፍጉም በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይወድቃል። የመንደሩ ሰው ተስማምቶ ልቅ ግጦሽን ካቆመ በኋላ በብዙ ቦታ ሳሩ ችግኝ እንኳ ሳይጠብቅ ራሱ ይመለሳል።