ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚገባውን አድራሻ ስለ መስጠት

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀጥሎ አቅራቢ)

በ1999 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተው እንደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ባለ ሰፊ ቤተ ትምህርት፥ መምህሩም ተማሪውም እንግዳውም ኮምፒዩተሩን ወይም ስልኩን በከፈተ ጊዜ ከመረቡ የሚገናኝበትን አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ የተባለው ሥርዓት ነው።

ይህ ሥርዓት፥ በጥንቱ በአንኮበር ቤተ መንግሥት ታዳሚውን እንደ ማዕረጉ ያስቀምጥ እንደ ነበረው አጋፋሪ፥ ለመጣው ሁሉ ስፍራውን ከነጊዜ ገደቡ ይሰጣል፤ ከአድራሻውም ጋር «አማራጮች» የሚባሉትን መመሪያዎች ያያይዛል፤ ከእነዚህም 3ኛው የመረቡን መውጫ በር፣ 6ኛው ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰውን አገልጋይ፣ 51ኛው አድራሻው የሚጸናበትን ዘመን ያመለክታሉ።

ነገር ግን ጠባዩ ለተለያየ ሁሉ አንድ ሕግ አይበቃውምና፥ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ከተባለው የአገልጋይ ሥርዓት ወዲህ የመረቡ አስተዳዳሪ «ፖሊሲ» በሚባለው ደንብ መሣሪያውን በዓይነቱ ወይም ማክ አድራሻ በሚባለው መለያ ቁጥሩ ለይቶ፥ ለእንግዳው ስልክ አጭር፣ ለቢሮው ኮምፒዩተር ረዥም ዘመን ይወስናል። ሆኖም የማክ አድራሻ በቀላሉ ሊለወጥ ስለሚችል፥ ፖሊሲ ሥርዓትን ያጸናል እንጂ ጥበቃን አይተካም።

ስለዚህ የመረብ አስተዳዳሪዎች ሆይ፥ ደንብ ከማውጣታችሁ አስቀድሞ መሣሪያዎቻችሁን መርምሩ፤ የወሰናችሁትንም ለተተኪዎቻችሁ በጽሑፍ አኑሩ።